የሄከር ጉሮሮ

ወደ ሄከር የበረዶ ላይ መንሸራተቻ፣ የስኪ ሜዳ፣ የደወለ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሰማው የዊልማ ቲቦን ድምፅ ነው። በየማለዳው ተራራውን ዞራ ታይና በረዶው እንዴት እንዳደረ በስልኩ ላይ ትቀዳለች። የቱ መውረጃ ክፍት እንደሆነ፣ የቱ እንደተዘጋ፣ የት እንደ ዱቄት እንደሚቦን፣ የት እንደ መስታወት እንደሚያዳልጥ ሳትሸፋፍን ትናገራለች። የሰሜን ቬርሞንት ሰው ስኪውን መኪናው ላይ ከመጫኑ በፊት እሷን ይሰማል። ዊልማ ተከፍቷል ካለች ተከፍቷል። አልተከፈተም ካለች ቤትህ ቁጭ በል።

በዚያ የካቲት ግን ዝናብ ጣለ፤ ዝናቡን ተከትሎ ውርጭ መጣ። የተራራው አናት ላይ ዝናቡ አመዳይ ሆኖ ስለወረደ ደህና ነበር። ወገቡም ጠጠረ እንጂ አልሳሳም። ጉድ የሠራቸው ጉሮሮው ነው። ጉሮሮ የሚሉት ሰውን በወንበር ወደ አናቱ ከሚያወጣው ሊፍት መነሻ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ መውረጃው ሁሉ ተሰብስቦ የሚያልፍበትን ጠባብ ቦታ ነው። ፀሐይ ፊት ለፊት ትመታዋለች፤ ሥሩ ደግሞ አለት ነው። አርብ ማለዳ ዊልማ ስትደርስ አለቱ እንደ ሽማግሌ መላጣ ፈጦ ጠበቃት።

በማግስቱ ውድድር አለ። የሄከርና የጎረቤቱ ስኪ ሜዳ የታልማን ሰዎች በየዓመቱ የሚፎካከሩት ሄከር ላይ ነው። ተራራው ከአናት እስከ ግርጌ ካልተከፈተ ግን ውድድሩ ወደ ታልማን ይሄዳል፤ ስምምነታቸው እንዲህ ነው። ታልማኖች በረዶ የሚተፋ መድፍ አላቸው። ሄከር ያለው ሰማይ የሰጠው ብቻ ነው፤ እንዲያም ሆኖ ውድድሩን አሳልፎ ሰጥቶ አያውቅም።

«አክስቴ፣ በቃ ‹ከአናት እስከ ግርጌ ክፍት ነው› በያቸው» አላት ሬኒ። ሬኒ የሟች ወንድሟ ልጅ ነው፤ ሜዳውን የሚያስተዳድረውም እሱ ነው። «ጉሮሮው ጋ ሲደርሱ ስኪያቸውን አውልቀው ይሻገራሉ። ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ።»

«ኧረ ተይ እባክሽ! አንዲት ቁራጭ መሬት እኮ ናት!»

«እሺ። ሱሪህ ቂጡ ላይ አንዲት ቁራጭ ቢቀደድ ‹ሱሪዬ ሙሉ ነው› ብለህ ቤተ ክርስቲያን ትገባለህ?»

ሬኒ ሳቅ አመለጠው፤ ወዲያው ፊቱ ጠቆረ። «ታልማኖች ሊስቁብን ነው።»

«ጥርስ ካላቸው ይሳቁ!»

አፏ እንዲህ ይበል እንጂ አንጀቷ አርሯል። ሄከር አፍንጫዋ ሥር ሲዋረድ ከማየት ተራራው ላይ ወድቆ መሞት ይሻላታል። ስልኩን ሳበችና ቀዳች።

«ሄከር ነው። አናቱ ለስላሳ ነው፤ አመዳዩ ቁርጭምጭሚት ይውጣል። ወገቡ ጠጥሯል፤ የስኪያችሁን ጠርዝ ሳትስሉ እንዳትመጡ። ጉሮሮው ራቁቱን ነው። ‹የሄከር ሰው ነኝ› እያለ ቢራ ቤት የሚፎክር ሁሉ አካፋውን ይዞ ይምጣ። አካፋ የሌለው አንሶላ ያምጣ። ሁለቱም የሌለው ታልማን ሄዶ ከመድፍ አፍ ይልቀም።»

ሬኒ ራሱን ያዘ። «አክስቴ፣ ሰውን እኮ ሰደብሽው!»

«ሰደብኩት። ስለዚህ ይመጣል።»

መጡ። ዳቦ ጋጋሪዋ ኮራሊ አንሶላዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ መጣች። የእሳት አደጋ ሰዎቹ መሰላላቸውን እንደ ቃሬዛ ተሸክመው መጡ። ላም አርቢዎቹ ሜፕል ከሚባለው ዛፍ የሚቀዱትን ጣፋጭ ውሃ የሚያጠራቅሙበትን በርሜል በትራክተር ጎተቱ። ጥዶቹ ሥር ፀሐይ ያልነካችው በረዶ ደረት ድረስ ተቆልሎ ነበር። ያንን እየዛቁ፣ አንሶላው፣ መሰላሉና በርሜሉ ላይ እየጫኑ እየጎተቱ፣ ጉሮሮው ላይ እየደፉ በስኪያቸው ይረግጡታል።

«እትዬ ዊልማ፣ አንሶላዬ ቢቀደድ ይተኩልኛል?» አለች ኮራሊ።

«ያ አንሶላ ካገባሽ ወዲህ እንዲህ ያለ ቁም ነገር ሠርቶ አያውቅም። ጎትቺ!»

እሳት አደጋዎቹ በሳቅ ወደቁ፤ የኮራሊም ባል አብሮ ሳቀ፣ ምን ያድርግ።

ከሰዓት በኋላ የታልማኑ ኦርቪል ሜዳው ለነገው ውድድር ከአናት እስከ ግርጌ መከፈቱን ሊመረምር መጣ። መኪናውን ተደግፎ ቆመ።

«ዊልማ፣ ተራራሽን በማንኪያ ነው እንዴ የምትሠሪው?»

«ያንተን ማሽን ይሠራልሃል፤ የኔን ሰው» አለችና ስኪዋን አጠለቀች። «ና፣ ውጣ። አብረን ወርደን እንየው።»

በሊፍቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ወጡ። እሷ ቀደመች። አናቱን እንደ ወጣት ተወርውራ ወረደች፤ ወገቡ ላይ ስኪዋ በረዶውን ነክሶ ያዘላት። ጉሮሮው ጋ ስትደርስ ሰዉ ግራና ቀኝ ቆሞ ይጮህላት ነበር። በጩኸቱ መሃል ግራ እግሯ ሥር አንዲት ነገር ሰማች። *ክርር* አለ።

ድንጋይ።

ኦርቪል ኋላ ነበር፤ አልሰማም። ሬኒ ሁለት እጁን ሰማይ ሰቅሎ ይዘላል። ዝም ብትል የሚያውቅ የለም። ዊልማ ቆመች።

«ነክቶኛል» አለች።

ሬኒ እጆቹን አወረደ።

«እኔ ምንም አልሰማሁም» አለ ኦርቪል።

«ያንተን ጆሮማ መድፉ አደንቁሮታል።» በስኪ ዱላዋ ቦታውን ወጋ ወጋ አደረገች። «እዚህ ጋ ነው። ጨምሩ።»

«አክስቴ፣ አንድ ድንጋይ እኮ ነው!» ሬኒ ሊያለቅስ ደረሰ።

«ነገ አንዱ ልጅ ጉልበቱን ሲሰብርበትም አንድ ነው።»

አጉረመረሙ፤ አንዱማ ሰደባት፤ ግን ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም። ኦርቪል ትንሽ ተቁነጠነጠና እጁ ከቆሰለ አንድ የእሳት አደጋ ሰው አካፋውን ተቀበለ።

«ለሄከር ብዬ አይደለም» አለ። «ነገ በዚህ የምታልፈው የኔዋ ልጅ ስለሆነች ነው።»

«አካፋው ምክንያት አይጠይቅም። ዛቅ አድርግ።»

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዊልማ ለብቻዋ ወጣች። በዚህኛው ዙር ሰው ሁሉ ጆሮውን አቁሞ ያዳምጥ ነበር። ጉሮሮው ሥሯ *ሽሽሽ* ብሎ አለፈ፤ ሌላ ድምፅ የለም። ግርጌው ላይ ቆማ ወደ ላይ አየች። በረዶው የጥድ ቅጠል የበዛበት፣ ጭቃ የነካካው፣ የቡት ጫማ ዱካ የሞላበት ነበር። ከዚያ የሚያምር በረዶ ግን በዕድሜዋ አላየችም። ቢሮ ገባችና ስልኩን አነሳች።

«ሄከር ነው» አለች። «ከአናት እስከ ግርጌ።»

ሬኒ በሩ ላይ ቆሞ ሰምቶ ነበር። «አክስቴ፣ ድምፅሽ ተንቀጠቀጠ። ደግመሽ ቅጂው።»

«አልደግምም» አለች፣ ጀርባዋን ሰጥታው ፊቷን እየጠረገች። «ይንቀጥቀጥ። ብርድ ነው ይበሉ።»