ሥጋ ቤት የገባው ላፕቶፕ

ልክየለሽ ላፕቶፕ በተሰጣት ቀን እንጅባራ ላይ ካፊያ ይጥል ነበር። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች በሙሉ ሜዳው ላይ ተሰልፈው፣ ንግግሩ እስኪያልቅ ዩኒፎርማቸው ትከሻው ላይ ርሶ፣ ስማቸው ሲጠራ እየሮጡ ወጥተው ተቀበሉ። ለትምህርት ቤቱ ሳይሆን ለየራሳቸው ነው የተባለው። ቤታቸው ይዘውት ይሄዳሉ፣ ይማሩበታል፣ ሲጨርሱም የእነሱው ሆኖ ይቀራል። ጀርባው ላይ የእያንዳንዳቸው ስም ተለጥፎበታል። ልክየለሽ ስሟን በጣቷ ደጋግማ ዳሰሰችው። ከሰው ያልወረሰችው፣ ለሌላም የማታስረክበው የራሷ ዕቃ ኖሯት አያውቅም።

ግምጃ ቤት ከምትባለው ከተማ ዙሪያ የመጣች የገጠር ልጅ ናት። እናቷ ወርቅአየሁ ባሏ ከሞተ ወዲህ ድንችና ገብሷን እያመረተች ብቻዋን ትኖራለች፤ ልጇ እንድትማርላት ብላ እንጅባራ ለሚኖረው ታላቅ ወንድሟ ለገሠሠ ሰጥታታለች። ገሠሠ ሥጋ ቤት አለው። ከፊት ለፊት ሥጋው ይሰቀላል፣ ይቆረጣል፣ ይበላል፤ ከኋላ ቤተሰቡ ይኖራል፤ ከዚያ ወዲያ ደግሞ የቢራ ሳጥንና ከሰል የሚቀመጥባት ጠባብ ክፍል አለች፤ ልክየለሽ የምታድረው እዚያ ነው። ሰውየው የተከበረ ነው። ለቅሶ ቀድሞ ይደርሳል፣ የተጣላ ያስታርቃል፣ የትምህርት ቤቱ የወላጆች ኮሚቴም ሰብሳቢ ነው። ላፕቶፑ ሲታደል ከፊት ወንበር ተቀምጦ ከሁሉም በላይ ያጨበጨበው እሱ ነበር።

የእሷ ክፍል መብራት እንጂ ሶኬት የላትም። ስለዚህ ገሠሠ፣ «እኔ ጋ ባንኮኒው ላይ ሰኪው፤ ማንም አይነካብሽም» አላት። እውነትም መጀመሪያ ማንም አልነካባትም። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ነቅላ ትወስደዋለች፣ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ትሠራለች፣ ባትሪው ሲያልቅ መልሳ ትሰካዋለች።

የምትሠራው ነገር ነበራት። የባዮሎጂ መምህሯ ክብረት ተማሪዎቹን ሁሉ በላፕቶፓቸው የየራሳቸውን ጥናት ሠርተው ክፍል ፊት እንዲያቀርቡ አዝዞ ነበር። ልክየለሽ የእናቷን ማሳና ዙሪያውን መረጠች። ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄደች ቅጠሉን በላፕቶፑ ካሜራ ፎቶ ታነሣለች፤ እናቷም ስሙን በአገውኛ፣ ቀጥሎም በአማርኛ ትነግራታለች፤ መቼ እንደሚያብብ፣ ለምን ሕመም እንደሚሆን፣ የትኛውን ከብት እንደሚነፋ። ወርቅአየሁ መጀመሪያ ላይ አፍራ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ነበር የተናገረችው። በኋላ ግን ማን ያስቁማት! «ቆይ፣ ይኼንንማ አልነገርሁሽም» እያለች ከአንዱ ቁጥቋጦ ወደ ሌላው ልጇን ትጎትታታለች። ድምፅዋን ሁሉ ልክየለሽ ላፕቶፑ ውስጥ አስቀመጠችው።

ታዲያ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ላፕቶፑ ባንኮኒው ላይ ተከፍቶ ዘፈን ሲያሰማ አገኘችው። የሥጋ ቤቱ ቴሌቪዥን ተበላሽቶ ነበር።

«ደንበኞቼ ዝም ያለ ቤት አይወዱም» አለ ገሠሠ። «እስኪጠገን ነው። ትወስጂዋለሽ፤ ማን ይበላብሻል?»

ቴሌቪዥኑ አልተጠገነም። በጾሙ ወራት ሥጋ ቤቱ ጭር ሲል እንኳ አልፎ አልፎ ታገኘው ነበር። ትንሣኤ ካለፈ በኋላ ግን ረቡዕም ዓርብም የማይጾምበት ሃምሳው ቀን ገባና ቤቱ ከጠዋት ጀምሮ ጢም ይል ጀመር። ልክየለሽ በጠየቀች ቁጥር «ነገ» ትባላለች። የአጎቷ ሚስት እታለማሁ ደግሞ ወጥ ቤት ሆና፣ «ተይው ልጄ፣ የሰው ቤት ነው ያለሽው» ትላታለች፤ ክፋት የላትም፣ እውነቱን መንገሯ ነው።

የማቅረቢያው ጊዜ እየደረሰ መጣ። አንድ ረቡዕ ልክየለሽ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ሥጋ ቤቱ ገባች። ዛሬ ሳልወስደው አልወጣም ብላለች።

ውስጡ በጭስና በጥሬ ሥጋ ሽታ ታፍኗል። ላፕቶፑ ከመቁረጫው ጎን ተቀምጧል። አንድ ቀይ ፊት ደንበኛ ጮማ በቆረጠበት ጣቱ ቁልፎቹን እየነካካ ዘፈን ይመርጣል፤ በነካው ቁጥር ቁልፉ ላይ ስብ ይቀራል። ጠጋ ብላ አየች። የአዋዜ ጠብታ ደርቆ በቁልፎቹ መካከል ተጋግሯል። አንዲት ቁራጭ ስብ ከዳር ተወሽቃ ቢጫ ሆናለች፤ ዝንቦች ሰፍረውባታል። መስታወቱ ላይ የሰው ሙሉ መዳፍ ታትሟል። ስሟ የተለጠፈበት ወረቀት በደም ውሃ ርሶ ግማሹ ተልጧል።

«ይቅርታ» ብላ ሰውየውን ገፋ አደረገችና ሥራዋን ያስቀመጠችበትን ፈለገች። የለም። ሌላ ቦታ ፈለገች። የለም። ፎቶውም፣ ጽሑፉም፣ የእናቷ ድምፅም የለም። በቦታው የታጨቀው የዘፈንና የፊልም ዓይነት ነው።

«ሞላ ሲለኝ አጠፋሁት» አለ አስተናጋጁ ባምላክ ቢራ ተሸክሞ ሲያልፍ። «ጋሽ ገሠሠን ጠይቄ ነው። ሴትዮ ብቻዋን የምታወራበት ነበር።»

ልክየለሽ ወደ አጎቷ ዞረች። «ጋሼ፣ የእማዬ ድምፅ ነበር። የፈተናዬ ሥራ ነበር።»

ገሠሠ ቢላዋውን ይዞ ሳቀ። «የቅጠል ስም አይደለም እንዴ? ቅጠሉ የት ይሄድብሻል! እናትሽስ የት ትሄድብሻለች!» ደንበኞቹም ሳቁለት።

«ላፕቶፔን ይስጡኝ።»

ሳቁ ቆመ። ገሠሠ ሰው ፊት «ስጡኝ» መባሉን አልወደደውም፤ ግን መቆጣትም ሰው ፊት አያምርም። ጢሙን በእጁ መዳፍ ጠረገና፣ በዚያው እጁ ከጮማው መልምሎ፣ ሚጥሚጣ አስነክቶ፣ ባንኮኒውን ዞሮ መጣ።

«ይች ልጅ ርቧታል» አለ ጮክ ብሎ። «በይ፣ እንቺ። በሞቴ!»

«አልፈልግም ጋሼ።»

«በገሠሠ ሞት ብዬሻለሁ!»

«ተቀበይ እንጂ፣ ነውር አይደለም?» አሉ ደንበኞቹ ከየጠረጴዛው።

አገጯን በግራ እጁ ያዘ። ጣቶቹ ጥርሷን አልፈው ገቡ። ለብ ያለ፣ የሚያዳልጥ ሥጋ ምላሷን ሞላው፤ የጣቶቹ ጨውና የጥፍሩ ሻካራነት ተሰማት። ሁሉም እያያት ነው፤ አኝካ ብትውጠው ነገሩ እዚያው ያልቃል፣ ላፕቶፑም እዚያው ይቀራል።

ተፋችው። ሥጋው መሬት ላይ ጠፍ ብሎ ወደቀ።

ልክየለሽ ገመዱን ነቀለች፤ ላፕቶፑን ደረቷ ላይ አቀፈችና ወጣች። የላፕቶፑ ስብ ዩኒፎርሟ ላይ ታተመ።

በባጃጅ ሳይሆን በእግሯ፣ እንባዋን እየዋጠች ወደ ትምህርት ቤት ተመለሰች። ርዕሰ መምህሩ አቶ ምንይችል ቢሮው ውስጥ ነበር። ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጥበት ወረቀቶቹን ቶሎ ብሎ ወደ ጎን ሰበሰበ።

«ደውለውልኛል» አለ ሳትጀምር። «ጋሽ ገሠሠ። ለወንድ ጓደኛሽ አውሰሽው እንዳበላሸብሽ ነግረውኛል። እኔ እንዲህ ያለውን ነገር ማስጮህ አልፈልግም።»

ልክየለሽ የሰማችውን ማመን አቃታት። «ይኼ የሥጋ ስብ ነው። ያሽትቱት።»

ምንይችል አላሸተተውም። አንድ ጣቱን ክዳኑ ላይ አሳርፎ አነሣ፤ የተጣበቀበትን አየ፤ ከኪሱ ሶፍት አውጥቶ ጣቱን በደንብ ጠረገ። ማወቁን ዓይኑ ነገራት።

«ኮሚቴያችን ናቸው» አለ ሶፍቱን እየጠቀለለ። «ለትምህርት ቤቱ ብዙ ያደርጋሉ። ደግሞስ አጎትሽ አይደሉም? በሽምግልና ጨርሱት።»

ሶፍቱን ቅርጫት ውስጥ ጣለው። ልክየለሽ ዕቃዋን አንሥታ ወጣች።

ያን ቀን የክፍሏ ልጅ ኢየሩስ ቤት አደረች። ኢየሩስና ልብስ ሰፊ እናቷ በከተማው ካለው የጴንጤ ማኅበር ናቸው፤ አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። ምን ሆንሽ ብለው አላስጨነቋትም፤ ፍራሽ ዘረጉላት።

ወርቅአየሁ ግን ተጠርታ መጣች። ገሠሠ ሰው ልኮባት ኖሯል፦ «ልጅሽ ሰው ፊት ጉርሻዬን ተፍታ አዋረደችኝ።» እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎች በገሠሠ ሳሎን ተቀመጡ። ልክየለሽም ተጠርታ እናቷ አጠገብ ቆመች።

ከሽማግሌዎቹ በዕድሜ የሚበልጡት አቶ አወቀ ጀመሩ። «ልጄ፣ ጉርሻ ተፍተሻል?»

«ተፍቻለሁ። አባባ፣ ግን ላፕቶፔን—»

«እሱ ዕቃ ነው። ዕቃ ይተካል፤ ክብር አይተካም። አጎትሽ አብልቶ፣ አልብሶ፣ አስተምሮሻል።»

«ወንድ ጓደኛዋ ነው ያበላሸው ብለው ለርዕሰ መምህሩ ዋሽተዋል!»

ወርቅአየሁ ቀና ብላ ወንድሟን አየችው። ገሠሠ ጥርሱን በስንጥር ይጎረጉር ነበር።

«ተናድዶ ነው» አሉ አቶ አወቀ። «የተናደደ ሰው ብዙ ይላል። አሁን ጉልበቱን ሳሚና ነገሩ ይብቃ።»

ልክየለሽ ለእናቷ ስትል ወደፊት ተራመደች። ለእናቷ ስትል ጎንበስ አለች። የገሠሠ ሱሪ ጉልበቱ ላይ፣ እጁን ዘወትር የሚጠርግበት ቦታ፣ በስብ ጠቁሮ ያብለጨልጫል። ሽታው መጣ። ያ ለብ ያለ ነገር እንደገና ምላሷ ላይ የተቀመጠ መሰላት። ቀና አለች።

«አልችልም» አለች። «እንቢ ማለቴ አይደለም። አልችልም።»

«አየሽ እንግዲህ ወርቅአየሁ!» አለ ገሠሠ። «እንዲህ ያለችውን ነው ያበላሁት!»

ያን ጊዜ ወርቅአየሁ ነጠላዋን አደግድጋ ተንበረከከች። «ስለ እሷ እኔ» አለች። የወንድሟን አንዱን ጉልበት ሳመች፤ ሌላውንም ሳመች። ሽማግሌዎቹ «እሰየው፣ እሰየው» አሉ። ገሠሠም ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ ይቅር አላት። ወርቅአየሁ ምን በድላው እንደሆነ የጠየቀ የለም።

ልክየለሽ ግድግዳ ግድግዳውን አየች። ገሠሠን ተጸየፈች፤ ሽማግሌዎቹን ተጸየፈች፤ ከሁሉ የከፋው ግን ለአንድ አፍታ እናቷንም መጸየፏ ነበር። እንዲህ ያለ ስሜት በውስጧ ይኖራል ብላ አስባ አታውቅም ነበር።

አልጋ ልብሷንና መጽሐፎቿን ጠቅልለው ወጡ። ከመንገዱ ዳር ያለው የቦኖ ውኃ ጋ ሲደርሱ ወርቅአየሁ ሸክሟን አወረደች። ሰው ቀድቶ እስኪጨርስ ጠብቃ እጇን ሞልታ ተጉመጠመጠች፤ ተፋች። እንደገና ተጉመጠመጠች፤ ከንፈሯን በመዳፏ አሸት አሸት አድርጋ እንደገና ተፋች።

«ለምን ሳምሽው ታዲያ?» አለች ልክየለሽ።

ወርቅአየሁ በአገውኛ መለሰችላት፤ ንዴቷ ሲበዛ አማርኛ አይመቻትም። «አብልቶሻል። እሱ እውነት ነው። ነገ በገበያው ሁሉ ‹አብልቻት› እያለ እንዲያወራብሽ አልፈልግም። ዕዳውን ከፈልሁ፤ ተለያየን። ከእንግዲህ እጁ ወደ አፍሽ አይመጣም።»

«ድምፅሽን አጠፉብኝ፣ እማዬ።»

«እኔን አላጠፉኝም» አለች እናቷ ሸክሟን እያነሣች። «የት ነው የዚያች ልጅ ቤት? ከመሄዴ በፊት የምችለውን ልንገርሽ።»

ወርቅአየሁ ኢየሩስ ቤት ሰነበተች። ልጆቹ በጥጥና በአልኮል፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ እያነሡ ስቡን ጠረጉ፤ የወጣው ጥቁር ቆሻሻ ጋዜጣ ላይ ሲከመር የኢየሩስ እናት አፍንጫዋን ይዛ ወደ ውጭ ወጣች። ሁለት ቁልፎች ጨርሰው አልሠሩም። ከዚያ ወርቅአየሁ ከልብስ ስፌት መኪናው አጠገብ ተቀምጣ፣ ቅጠሉ በሌለበት፣ ከልቧ እያወጣች ነገረቻት። የበፊቱን ያህል አልሆነም። ፎቶ የለውም፤ አንዳንዱንም ስም ቁጥቋጦውን ሳታይ አላስታወሰችውም። መምህር ክብረት ልክየለሽ ስታቀርብ ሰማና «ጎዶሎ ነው» አላት፤ እውነቱን ነው። ነጥቧም እንደዚያው ሆነ። ከክፍሉ ልጆች ግን አንዳንዶቹ የሰሙትን ቅጠል በየቤታቸው በሌላ ስም እንደሚጠሩት እየነገሯት እስከ በር ተከተሏት።

ገሠሠ ከኮሚቴው አልወረደም። ላፕቶፑም ብዙ ሲሠራ ይሞቅና ከቁልፎቹ ሥር የሞራ ሽታ ያወጣል፤ ያን ጊዜ ልክየለሽ መስኮት ትከፍታለች።

የሐዋርያት ጾም ሊገባ ሲል፣ በቅበላው ቀን፣ ባምላክ ልክየለሽ ወደቀረችበት ወደ ኢየሩስ ቤት በር መጣ። ከሥሩ የሚንጠባጠብ ጥቁር ፌስታል አንጠልጥሏል።

«ጋሽ ገሠሠ ለቅበላሽ ብለው ነው» አለ። «ጥሩው ነው፤ ራሳቸው ናቸው የቆረጡት።»

«መልስላቸው።»

«ምን ብላለች ልበል?»

«ምንም አላለችም በል።»

የፌስታሉ ውኃ ደፉ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ባምላክም ፌስታሉን እንዳንጠለጠለ ዞሮ ሄደ። ኢየሩስ ከውስጥ ውኃ በጆግ አምጥታ ደፉ ላይ አፈሰሰች፤ ልክየለሽ መጥረጊያውን አንሥታ ቀዩ ውኃ ወደ ቦዩ እስኪወርድ ድረስ ጠረገች።