ፊቷ የተፋቀው ቺፕ

የፔዳሉን ክዳን ፈትቼ ውስጡን ሳይ ደሜ ፈላ። ጊታር ተጫዋች በእግሩ የሚረግጠው፣ ድምፅ የሚያስተጋባ አሮጌ ሳጥን ነው። ስምንት እግር ያላት ጥቁር ቺፕ ፊቷ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ቁጥሯ ጠፍቷል። የቱ ደደብ ነው እንዲህ የሚያደርገው? ደደቡ እኔው ነኝ። ከሃያ ዓመት በፊት ሳጥኑን የሠራሁት እኔ፣ የፋቅኳት እኔ፣ ዛሬ ተቃጥላ ስትመጣ የቷ እንደነበረች የማላስታውሰውም እኔ!

የፋቅኳት ከታናሽ ወንድሜ ለመደበቅ ነበር። አንድ ጠረጴዛ ላይ እየሠራን፣ ሙያውን ለምዶ ጥሎኝ ይሄዳል ብዬ ፈራሁ። አንድ ቀን ስፍቅ ደረሰብኝ። "ወንድም ጋሼ፣ ከኔ ነው የምትደብቀው?" አለኝ። መፋቄን ቀጠልኩ። መሣሪያውን ሰብስቦ ሌላ ከተማ ገባ፤ ከዚያ ወዲህ ተነጋግረን አናውቅም።

እግሮቿን ከጠርዟ ምልክት ጀምሬ ቆጠርኩ፤ ኤሌክትሪክ የሚገባበትን፣ ድምፅ የሚወጣበትን በመለኪያ መሣሪያ ተከተልኩ። ድምፅ ይዘው አዘግይተው ከሚመልሱት ወገን ናት። እነሱ ግን ሁለት ዓይነት ናቸው፤ እግራቸው አንድ ነው፣ አንዷ ለአጭር ጊዜ ታዘገያለች፣ ሌላዋ ለረጅም። ሁለቱም መሠራት ካቆሙ ቆይተዋል። የቷ እንደነበረች የሚያውቅ ካለ ወንድሜ ነው።

እውነቱን ልናገር፣ ቺፗ ሰበብ ናት። ሚስቴ ካረፈች ሦስት ዓመት ሆነ፤ ቤት ውስጥ የሚያናግረኝ ሬዲዮ ብቻ ነው። ወንድሜ ናፍቆኛል። ስልክ ቁጥሩን ከአንድ ነጋዴ ከተቀበልኩ ዓመት አልፎኛል፣ ደፍሬ ግን አልደወልኩም። ዛሬ ደወልኩ።

"ሃሎ፣ ማን ልበል?"

"ደንበኛ ነኝ" አልኩት፤ እንዴት እንዳመለጠኝ አላውቅም። የፊት ጥርሶቼ ከረገፉ ወዲህ ድምፄን ማንም አይለየውም። ስለ ቺፗ ነገርኩት።

"ፊቷ ተፍቋል?"

"ተፍቋል።"

ሳቀ። "የወንድሜ እጅ ነው። ለረጅም ጊዜ የምታዘገየዋ ናት። ያኔም አውቅ ነበር እኮ፤ በጆሮ ትለያለች። እንዳይከፋው ብዬ ነው ዝም ያልኩት።"

ለሃያ ዓመት የሙያ ሌባ አድርጌ ያሰብኩት ልጅ ይኼ ነው።

"ጌታዬ፣ እሱን ያውቁታል? እንዴት ነው?" አለኝ።

"ደህና ነው። ብቻውን ሆነ እንጂ ደህና ነው።"

"እንዴት ብቻውን? ባለቤቱስ?"

"አርፋለች። ሦስት ዓመት አለፋት።"

"ውይ እትዬ! እኔ ሳልሰማ! እኔ ሳልቀብራት!" እያለ አለቀሰ። "ምነው ቢነግረኝ? ምን ያህል ብበድለው ነው?"

ምንም አልበደልከኝም፣ እኔ ነኝ ልለው አፌን ከፈትኩ። ግን በምን አፌ? የገዛ ወንድሜን እንደ ባዳ መርዶ ካረዳሁት በኋላ? "አይዞህ" ብቻ አልኩት።

"እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ" አለ እንባውን እየዋጠ። "አደራ፣ በዚያ ሲያልፉ ጎራ ይበሉለት። ብቻውን አይሁን።"

"እሺ፣ ጎራ እላለሁ" አልኩት።