በትርንጎ ራስ ላይ የቆመው ጥይት

ጋሽ ድረስ በእህታቸው ልጅ ሠርግ ላይ ወደ ሰማይ የተኮሱት ጥይት እስከ ዛሬ አልወረደም። ትርንጎ ከምትባል ጌሾ ሻጭ ራስ በላይ፣ ጫፉን ወደ ታች አድርጎ ቆሟል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጥይቱ ሰማይ ደርሶ ሲመለስ፣ በአስተዳደሩ ጽሕፈት ቤት ጣሪያ ላይ ያለው ድምፅ ማጉያ የወረዳውን አዲስ ደንብ ያነብ ነበር። ደንቡ ሦስትና ከዚያ በላይ ሰው በተሰበሰበበት ቦታ ሁሉ፣ ሠርግም ይሁን ለቅሶ፣ ገበያም ይሁን ጤና ጣቢያ፣ ጠመንጃም ሆነ ጥይት እንዳይገኝ ይከለክላል። ዳሱ ደጃፍ ላይ ብዙ ሰው ነበር። ጥይቱ ሕግ አክባሪ ነውና ባለበት ቆመ።

ትርንጎ እልልታዋን ጨርሳ ቀና ስትል አየችው።

«ይሄ የማን ነው?» አለች።

«የኔ ነው። እንዳትነኪው» አሉ ጋሽ ድረስ።

እንግዶቹ እየመረቁ መውጣት ሲጀምሩ የነገሩ ጠባይ ታወቀ። ደጃፉ ላይ ትርንጎና አንዲት ጎረቤቷ ብቻ ሲቀሩ ጥይቱ ቁልቁል መንቀሳቀስ ጀመረ። ትርንጎ ጮኸች፤ ልጇ ከጓዳ ሮጣ ስትመጣ ሦስት ሆኑ፤ ጥይቱም አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ። በሄደችበት ሁሉ ከራሷ በላይ ይከተላታልና ከዚያ ወዲህ ትርንጎ ብቻዋን ሆና አታውቅም። ሌሊት በልጇና በልጇ ባል መካከል ትተኛለች። አማቿ ለጊዜው ነው ብሎ ፈቅዶ ነበር፤ አሁን ጊዜው ስንት እንደሆነ ይጠይቃል።

እኛ የከተማው ሰዎች ግን ያዘንነው ለጋሽ ድረስ ነው። በአገራችን ወግ የሙሽራ አጎት የተኮሰው ጥይት መሬት ሳይነካ አፈሙዙን ዝቅ አያደርግም፤ ዝቅ ካደረገ ምርቃቱ ተቋረጠ ማለት ነው። ስለዚህ ጋሽ ድረስ ከሠርጉ ቀን ጀምሮ ጠመንጃቸውን ሽቅብ እንደደገኑ ናቸው። እህል የሚበሉት ከሚስታቸው እጅ ነው። የሚተኙት ግድግዳ ተደግፈው ነው። ጠመንጃው ከእጃቸው ስለማይለይ ደንቡ ገበያ አያስገባቸውም፤ የገዛ ወንድማቸውን እንኳ ከአጥር ውጪ ቆመው አለቀሱ። ይህን ያየ ሰው አንጀቱ አይችልም።

ትርንጎ ግን ሰላም ነሳችን። ለቅሶ ቤት ቀድማ ትገባለች፤ ድንኳኑ ካልፈረሰ አትወጣም። አንድ ቀን በገበያ፣ ጠጅ የምትጥለው አሰገደች ጌሾውን አሽታ መልሳ አስቀመጠችው።

«ጌሾሽ መልካም ነበር» አለች፣ ሽቅብ እያየች። «እኔ ግን ልገዛ እንጂ ልሞት አልመጣሁም።»

«ጥይቱ እኮ የኔ ነው፤ ላንቺ አይተርፍም። ግዢ!» አለቻት ትርንጎ።

«እንዲያውስ የሚያስቆመው እኛ ነን። ለቆምንበት ምን ሰጠሽን?»

ሰው ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ጥያቄው ተገቢ ነበር።

ጋሽ ድረስ ደንቡ እንዲሻር ከሰሱ። ጠበቃቸው ልሳነወርቅ ይባላል። በችሎቱ ዕለት አዳራሹ ሞላ። ጠመንጃዎቻችንን ግቢው ውስጥ ካለው ወይራ ሥር ደርድረን ገባን። ጋሽ ድረስ ጠመንጃቸውን ማስቀመጥ ስለማይችሉ በመስኮት በኩል፣ ከውጭ ሆነው፣ አፈሙዙን ወደ ሰማይ አድርገው ተከታተሉ። የወረዳው ነገረ ፈጅ አሞኛል ብሎ ቀረ። ትርንጎ እጇን አወጣች።

«አንቺ በጉዳዩ ምን ጥቅም አለሽ?» አሉ ዳኛ አውላቸው።

«ጭንቅላቴ ነው፣ ክቡር ዳኛ።»

«ጭንቅላትሽ በአቤቱታው ላይ ተጠቅሷል?»

ልሳነወርቅ ወረቀቱን ገለበጠ። «አልተጠቀሰም።»

«እንግዲያው ተቀመጪ።»

ተቀመጠች። ልሳነወርቅ መከራከሩን ቀጠለ። ጠመንጃ ቤት ውስጥ እንዲቀመጥ ብቻ ከተፈቀደ ጫማን ቤት ውስጥ ብቻ አድርግ እንደማለት ነው አለ። በተለይም ደንበኛው ደንቡ ባልነበረበት ሰዓት የተኮሱት ጥይት በሰላም መንገዱን ሲጓዝ ደንብ ወጥቶ አየር ላይ ታስሯል አለ።

«ጥይቱ ወዴት ይጓዝ ነበር?» አሉ ዳኛው።

«ወደ ታች፣ ክቡር ፍርድ ቤት።»

«ታች ማን አለ?»

«ያ ለዚህ ክርክር አግባብነት የለውም።»

ዳኛው ጻፉ። ከዚያም ውሳኔውን አነበቡ። ሰው መሣሪያውን ይዞ ሠርግም፣ ለቅሶም፣ ገበያም፣ ጤና ጣቢያም የመሄድ መብት አለው፤ ደንቡ ተሽሯል። ሆኖም ክልከላው ችሎት በተሰየመበት አዳራሽ ውስጥ ብቻ እንደጸና ይቆያል።

«እዚህ ሰው ይናደዳል» ሲሉ አብራሩ። «አደገኛ ነው።»

አጨበጨብን። ሁላችንም ወጥተን ጠመንጃችንን አነሣን። እኔ ጠመንጃዬን ይዤ መስኮቱ ሥር ስለቆምሁ የቀረውን አይቻለሁ። ትርንጎ ከአግዳሚው አልተነሣችም። ዳኛው መነሣት ጀመሩ።

«ጌታዬ፣ ይቀመጡ» አለች።

«ችሎቱ አብቅቷል።»

«እርስዎ ሲነሡ ይወርዳል።»

ዳኛው ወገባቸው እንደጎበጠ ቀና ብለው አዩ። ጥይቱ ልክ እሳቸው የተነሡትን ያህል ወርዷል። ተቀመጡ። ቆመ። እንደገና ከወንበሩ ትንሽ ፈቀቅ አሉ። ትንሽ ወረደ።

«ምሳ አልበላሁም» አሉ።

«እኔም» አለች።

ዳኛ አውላቸው የተማሩ ሰው ናቸው፤ ጥቂት አሰቡ። ከዚያ የካባቸውን ቁልፍ ከውስጥ ፈቱና ቁልቁል ሾልከው በጠረጴዛው ሥር ወጡ። ካባው ግን አልተነሣም። ትከሻው እንደተወጠረ፣ ሁለቱ እጅጌዎች ጠረጴዛው ላይ እንዳረፉ፣ በወንበሩ ላይ ተቀምጦ ቀረ። ጥይቱ አልተንቀሳቀሰም። ዳኛው በሸሚዛቸው በጓሮ በር ሄዱ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሥጋ ቤት አየኋቸው፤ ደህና ናቸው።

ችሎቱ ከዚያ ወዲህ እንደተሰየመ ነው። ልጇ ምግብ ታመጣላታለች፤ ችሎት ላይ ማውራት ግን ክልክል ስለሆነ፣ ቢተው የሚባለው ዘበኛ ሁለቱን አያስወራቸውም። አማቿ አልጋው ሰፋልኝ ይላል። ገበያውና ለቅሶው በጠመንጃ ደምቋል።

ያላለቀላቸው ጋሽ ድረስ ብቻ ናቸው። ረትተዋል፤ አፈሙዛቸውን ግን ዝቅ ማድረግ አልቻሉም። ትናንት መስኮቱ ሥር መጥተው ቆሙ፤ እኛም አብረናቸው ቆምን።

«አንቺ ትርንጎ!» አሉ በመስታወቱ በኩል። «ውጪ እንጂ! ክንዴ ዛለ እኮ።»

ትርንጎ መልስ ለመስጠት አፏን ከፈተች። ቢተው ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። አፏን ዘጋች።

«እልኸኛ!» አሉ ጋሽ ድረስ። ከዚያ ወደ ቢተው ዞሩ። «አዳራሹ ታፍኗል ልጄ። ይቺ ሴትዮ አየር አያስፈልጋትም? ክፈተው።»

ቢተው አሰበበት። መስኮት መክፈት የሚከለክል ደንብ አላገኘም። ከፈተው።

ከሜዳው ነፋስ ገባ። የጠረጴዛው ወረቀት በረረ። ካባው በደረቱ በኩል ተነፋ፤ እጅጌዎቹ ከጠረጴዛው ላይ ቀስ ብለው ተነሡ፤ ትከሻው ከወንበሩ መደገፊያ ተላቆ፣ ምሳ ሰዓት እንደደረሰበት ሰው ወደ ፊት ዘንበል አለ። ትርንጎ አንገቷን ትከሻዋ ውስጥ ቀበረች። እኛ ሁላችን አፈሙዛችንን ወደ ሰማይ አንሥተን፣ ጥይቱ መሬት እስኪነካ እንጠብቅ ጀመር።