የሎምቡ ጎጆ መዝገብ

ሃልቫርድ ቪካን ካርታውን በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ አራቱንም ጫፍ በብርቱካን አስይዞታል። የሆሳዕና ዋዜማ ቅዳሜ ረፋድ ነው፤ ከነገ ወዲያ እሱና ሚስቱ ቶርዲስ መኪናቸውን አስነስተው ለሕማማት ሳምንት ወደ ተራራ ይወጣሉ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲያደርጉ ኖረዋል። መኪናዋን ሸለቆ ውስጥ ያቆማሉ፣ ሰፋፊውን የበረዶ ጫማ አስረው በእግራቸው ይወጣሉ፣ የተራራ ተጓዦች ማኅበር ለአባላቱ በሠራው ጎጆ አድረው ይወርዳሉ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ሸለቆ ይነዳሉ። መንገዱን የሚወስነው ሁልጊዜ ሃልቫርድ ነው። የማዘጋጃ ቤት ቀያሽ ስለሆነ እርሳስ ከያዘ ማንንም አይሰማም።

ዘንድሮ ግን ቶርዲስ ጣቷን ካርታው ላይ አሳርፋ አላነሳም አለች።

«መጀመሪያ ሎምቡ እንደር።»

«ሎምቡ አይሆንም። ከበላዩ ያለው በረዶ ሊናድ ይችላል።»

«ጎጆው እኮ ሜዳ ላይ ነው። ከየት መጥቶ ነው የሚናደው?»

«ማገዶም አልቋል አሉ» አለ ሃልቫርድ እርሳሱን እያገላበጠ። «ደግሞ አይጥ ገብቶበታል።»

ቶርዲስ ጣቷን አላነሳችም። ከጥርስ ሐኪም ጎን ቆማ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች፤ «በቀን ስንቴ ትቦርሻለህ?» ሲባል የሚዋሽ ሰው በየቀኑ ታያለች። እውነት የሚናገር አንድ መልስ ሰጥቶ አፉን ይከፍታል። የሚዋሸው ግን ምክንያት ይደረድራል። ባሏ ደግሞ አሁን ሦስት ደረደረላት።

«ምነው ዝም አልሽ? የፋሲካ መርማሪ ሆንሽ እንዴ?» አለ ሃልቫርድ፣ መስኮቱ ሥር ወደተከመሩት የወንጀል ልብ ወለዶች በአገጩ እያመለከተ። በእነሱ አገር ፋሲካ ሲደርስ የግድያ ታሪክ የማያነብ ሰው የለም፤ ቶርዲስም ለመንገዱ አራት ገዝታለች። «በይ እጄን ሰጥቻለሁ፣ ገዳዩ እኔ ነኝ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅለት ነበር።

ነገሩ የጀመረው በመስከረም ነው። ያኔ ሃልቫርድ ከጓደኛው ከአርንፊን ጋር ቆቅ ላድን ብሎ ሎምቡ ወጣ። ቶርዲስ በዚያው ሰሞን ቡደ ከተማ ሄዳ ለእህቷ ዕቃ ትሸክፍላት ነበር፤ እህቷ ቤት እየቀየረች ነበር። ስትመለስ ሃልቫርድ ባዶ እጁን ገብቶ አገኘችው። «አልቀናንም» አለ፣ አለቀ። ኅዳር ላይ ታዲያ አርንፊንን ገበያ አዳራሽ ውስጥ ወተት ስትገዛ አገኘችውና ስለ አደኑ ብትጠይቀው «የምን አደን? መስከረምን ሙሉ ወገቤን ይዞኝ ከአልጋ አልወረድኩም» አላት።

ወተቷን ይዛ ቤቷ ገባች። ሆድ ይፍጀው አለች። ፈሪ ሆና አይደለም፤ ሃልቫርድን ትወደዋለች። ከጠየቀችው ይመልሳል፤ መልሱ የአንዲት ሴት ስም ከሆነ ደግሞ ሃያ ሁለቱ ዓመት እዚያው ወጥ ቤት ውስጥ ይፈርሳል። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል እንዲሉ፣ ይቀል እንደሆነ ብላ አራት ወር ጠበቀች። እሷ የተሸከመችው ውሸት ግን እያደር ከበደ። ባሏ ስልክ ይዞ ወደ ጓዳ በዞረ ቁጥር ጆሮዋ ይቆማል። አዲስ ሹራብ ሲገዛ ለማን ብሎ ነው ትላለች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እሷ ግን እየጠረጠረችም መመንጠሩ አልቀረላትም።

ሎምቡ ላይ መልስ አለ። የማኅበሩ ጎጆ ዘበኛ የለውም፤ ቁልፍ ያለው አባል ከፍቶ ይገባል፣ ምድጃ ያነድዳል፣ ሲወጣ ወለሉን ያጥባል። ከሁሉ በላይ ግን በመዝገቡ ላይ ይጽፋል፦ ስም፣ ስንት ሰው፣ ከየት፣ ወዴት። ሰው ተራራ ላይ ሲጠፋ ፈላጊዎች መጀመሪያ የሚያነቡት ያንን ነው። ለግብር ሰብሳቢ የሚዋሽ ሰው እንኳ ለጎጆ መዝገብ አይዋሽም።

ሃልቫርድ አካፋውንና የመኪና መጎተቻውን ገመድ ሊያወጣ ወደ ጋራዡ ሄደ። በዚህ ወቅት የተራራው መንገድ የሚታለፈው ከበረዶ ጠራጊው መኪና ኋላ ተሰልፎ ነው፤ አካፋና ገመድ ያልያዘ አይሰለፍም። በሩ ሲዘጋ ቶርዲስ ስልኳን አነሳችና ጎጆውን ከሸለቆው ሆነው ለሚቆጣጠሩት ሽማግሌ፣ ለኦድሙን ደወለች።

«ሎምቡ ማገዶ አለ ይሆን?»

«ማገዶ?» አሉ ኦድሙን። «እስከ ጣሪያ ድረስ! እኔ ራሴ ነኝ የከመርኩት፤ ወገቤ ይመስክር።»

«አይጥስ?»

«አይጥ የት አባቷ ትገባለች? ማነው እንዲህ እያለ ስሜን የሚያጠፋው?»

ቶርዲስ ወደ ጋራዡ በር ዓይኗን ጣል አደረገች። «ኧረ ማንም አይደለም። አንድ ነገር ላስቸግርዎ፤ መስከረም ላይ እዚያ ጓንት ረስተን መሰለኝ። ቀኑ ጠፋብኝ፤ ከመዝገቡ ቢያዩልኝ?»

«ያለቀው መዝገብ እኔው ጋ ነው፤ ቆይ መነጽሬን ልፈልግ።» ወረቀት ሲገለጥ ተሰማት። «ይኸውና። ከመስከረም አሥራ ሁለት እስከ አሥራ አምስት። ሃልቫርድ ቪካን፣ ቶርዲስ ቪካን። ሁለት ሰው። ከመኪና መንገድ መጥተው ወደ መኪና መንገድ። ስለ ሙቀቱ እናመሰግናለን ይላል። ወለሉን እንዴት አድርጋችሁ አጥባችሁት ነበር መሰለሽ ልጄ! ደግሞ ቅዳሜ በጎችን ስፈልግ በዚያ አልፌ ባልሽን ማገዶ ሲፈልጥ አየሁት። አንቺን አላየሁም፤ ተኝተሽ ይሆናል ብዬ አለፍኩ።»

ቶርዲስ እንዴት እንዳመሰገነቻቸው አታውቅም። ስልኩን ካርታው ላይ አስቀመጠች። ሴት አስገብቶ ሲያበቃ የእሷን ስም አለበሳት! ሌላ ስም ቢጽፍ ወይም ጭራሹን ባይጽፍ ይሻል ነበር። እሷ ቡደ ላይ የእህቷን ሳህን በጋዜጣ ስትጠቀልል፣ አንዷ ሎምቡ አልጋ ላይ ቶርዲስ ቪካን ተብላ ተኝታለች።

ሃልቫርድ እጁን እያሟሟቀ ገባ። «ገመዱ ተገኘ። ምን ሆነሻል? ፊትሽ—»

«ማናት?»

«ማን?»

«በስሜ ሎምቡ ያደረችው። ኦድሙን መዝገቡን አነበቡልኝ። ሁለት ሰው ይላል፣ በእጅህ ጽሑፍ። አርንፊን ደግሞ አልጋ ላይ ነበር፤ ከኅዳር ጀምሮ አውቃለሁ።»

ሃልቫርድ ከነጃኬቱ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። «ከኅዳር ጀምሮ?»

«ማናት አልኩህ!»

«ማንም የለችም። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ብቻዬን ነበርኩ።»

«ታዲያ ሁለት ሰው ለምን ትጽፋለህ? በሽታ ነው? ብትጠፋ ኖሮ የሌለች ሴት ሲፈልጉ በረዶ ይበላቸው ነበር እኮ!»

«እጄ ነው የጻፈው» አለ። «ሃያ ሁለት ዓመት ስንጽፍ እኔ አይደለሁ የምጽፈው? አሁንም እንደለመደው ጻፈ። ያየሁት ከጻፍኩ በኋላ ነው። በጎጆ መዝገብ ላይ ስም አይሰረዝም፤ ተውኩት። ሎምቡ አንሂድ ያልኩሽም ለዚሁ ነው። አንቺ ጫማሽን ሳታወልቂ መዝገብ ነው የምታነቢው።»

ብቻውን ለመሆኑ ኦድሙንም መስክረዋል፤ ሲፈልጥ ያዩት አንድ ሰው ነው። ቶርዲስ ደረቷ ላይ አራት ወር የተቀመጠው ድንጋይ ሲነሳ ተሰማት፤ ልትስቅ ምንም አልቀራትም። ግን አንድ ነገር አልገጠመላትም።

«ብቻህን መሄድ ከፈለግክ ለምን አልነገርከኝም? መቼ ከልክዬህ አውቃለሁ?»

ሃልቫርድ አንዱን ብርቱካን አነሳ፤ የካርታው ጫፍ ተጠቀለለ።

«ሃልቫርድ።»

«ልተውሽ እንደሆነ ለማወቅ ነው የሄድኩት» አለ። «ሴት የለችም፣ ጠብም የለም። እንዲሁ አንድ ቀን ጠዋት ስነቃ የቀረው ዕድሜዬ በሙሉ ከዚህ በፊት ያየሁት መሰለኝ። ሦስት ቀን ተቀምጬ አሰብኩ። ሳልወስን ልወጣ ስል መዝገቡን ገለጥኩና ስምሽን ጻፍኩ። ሁለት ሰው። ሳየው በቃ፣ አልተውሽም አልኩ። ወለሉን አጥቤ ቤቴ መጣሁ።»

ይህን ሲል ፊቱ በራ። የሚያምር ነገር የነገራት ነው የመሰለው፤ ምናልባትም ስድስት ወር ሙሉ በዚህ እየተጽናና ኖሮ ይሆናል።

ቶርዲስ ለሌላ ሴት ተዘጋጅታ ነበር። የምትለውን ሁሉ፣ የትኛውን ሻንጣ እንደምትወረውርለት ሳይቀር ታውቃለች። ለዚህ ግን ምንም አላዘጋጀችም። ቡደ ላይ ዝናብ እየደበደባት ለእሱ የሱፍ ካልሲ ስትመርጥ፣ እሱ ተራራ ላይ ተቀምጦ ትሻለኛለች ወይስ አትሻለኝም እያለ ይመዝናት ነበር። ተመዝና ያለፈችው ደግሞ እጁ ስለለመደ ነው። ከጥርጣሬው ዘመን ሁሉ ይልቅ አሁን ተናደደች።

«አንተ ወስነሃል» አለችው። «እኔን ግን የጠየቀኝ የለም።»

«ቶርዲስ፣ እኔ እኮ ቀረሁ! መጣሁ!»

«መጣህ፤ እኔ መሄድህንም አላወቅኩም።»

ካርታውን ወደ ራሷ አዞረችው። እርሳሱን ከጠረጴዛው አንስታ እሱ ያሰመረውን የአምስት ሸለቆ መስመር ተወችና ከመንገዱ ዳር እስከ ሎምቡ አንድ አጭር መስመር ሳበች።

«ሰኞ ብቻዬን እሄዳለሁ። ሦስት ሌሊት።»

«ብቻሽን? አየሩ ቢገለበጥስ?»

«ማገዶ እስከ ጣሪያ አለ። አይጥም የለም።»

ሃልቫርድ ብርቱካኑን ጠረጴዛው ላይ መለሰው። ተራራ የሚወጣ ሰው መንገዱንና የሚወርድበትን ቀን ለቤተሰቡ ትቶ ይሄዳል፤ ልጅ ሆነው የተማሩት ሕግ ነው፣ የተጣሉም ሰዎች አያፈርሱትም። እሱም ወረቀትና እርሳሱን ሳብ አደረገ።

«መቼ ትመለሻለሽ?»

«ሐሙስ ስድስት ሰዓት ላይ መኪናው ጋ እደርሳለሁ። ካልደረስኩ ፈላጊ ጥራ።»

ጻፈ። ጽፎም ቀና አላለም። «ወደ ቤትስ ትመለሻለሽ?»

«እሱን እዚያ ሆኜ ነው የማውቀው» አለች ቶርዲስ፤ ተነስታም ቡናማውን አይብ፣ የደረቀውን ሥጋና ቂጣውን ከከረጢቱ አውጥታ ስንቁን ለሁለት መክፈል ጀመረች።