ስልሳ አንድ ጊዜ «ደኅና»

ሹፌር አደጋ ደረሰበት ሲባል ሰው የሚጠብቀው ገደል ነው። እኔ ግን የወደቅሁት ከቆመ መኪና ላይ ነው፤ የጣለኝም በግ ነው። ለፋሲካ ገበያ የሚሄድ ቀንዳም ሙክት ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ሳስር በግንባሩ አንዴ ገፈተረኝና በወገቤ መሬት ደረስሁ። ዐሥራ ስድስት ዓመት ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ስመላለስ አንዲት ዶሮ እንኳ ገጭቼ የማላውቀውን ሰው በግ ገጨኝ።

ለወገቤ ትራማዶል የሚባል ማስታገሻ ታዘዘልኝ፤ ለሁለት ሳምንት። ሐኪሙ ሁለት ሳምንት ያለውን እኔ ሁለት ዓመት አደረግሁት። እሱ በቃህ ብሎኛል፤ በቃኝ ያላልሁት እኔ ነኝ፤ በጓሮ የሚሸጥ ሱቅ ፈልጌ አገኘሁ። ወገቤ ከዳነ ቆየ። ኪኒኑ ሲቀርብኝ ግን ጥርሴም ጥፍሬም ያመኛል፣ ያልበኛል፣ ያዛጋኛል፣ በሰው ላይ እጮኻለሁ። ስወስደው ደግሞ መሪ እንደያዝሁ አንቀላፋለሁ። የመኪናው ባለቤት አንድ ቀን እጁን ዘረጋና ቁልፉን ተቀበለኝ።

ያን ጊዜ ነው ባለቤቴ ቻይነሽ እየጎተተች ሲስተር ሥርጉት ዘንድ ያደረሰችኝ። ሲስተር ሱስ የያዛቸውን ሰዎች የምትከታተል ነርስ ናት። ሐኪሙ ኪኒኑን በየሳምንቱ እየቀነሰ እንዲሰጠኝ ተስማማን፤ ከዚያ ውጪ አንድ ፍሬ እንዳልነካ ማልሁ። ሲስተር ስልኬን ተቀብላ «ብርታት» የሚባል አፕ ጫነችልኝ። በየጧቱ በዐሥራ ሁለት ሰዓት «እንዴት አደሩ?» ይላል። ከሥሩ ሦስት መጫኛ አለ፤ አረንጓዴው «ደኅና»፣ ቢጫው «ከብዶኛል»፣ ቀዩ «ጨምሬ ወስጃለሁ» ነው።

በመጀመሪያው ጧት ከጓሮ የገዛሁትን ሁለት ፍሬ ውጬ ተቀምጫለሁ። ስልኩ «እንዴት አደሩ?» አለኝ። «ደኅና»ን ተጫንሁ። እምላለሁ፣ ማታለሌ አልነበረም። በእኛ አገር ሰው እንዴት አደርህ ከተባለ፣ ቤቱ ተቃጥሎ አመዱ ላይ ቢቆም እንኳ «ደኅና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው መልሱ። አባቴ ሊሞት ሦስት ሰዓት ሲቀረው እንዴት አደሩ ብንለው «ደኅና» ብሎናል። እኔም ሰላምታ መሰለኝ እንጂ ጥያቄ መሆኑ መች ታየኝ። ስልኩ ግን ደስ ብሎት በመስኮቱ ሙሉ አበባ በተነልኝ።

በሁለተኛው ቀን ጥያቄ መሆኑ ገባኝ። አበባውን ግን ወድጄው ነበር።

እንዲህ እንዲህ እያልሁ አንድ ሳምንት፣ አንድ ወር፣ ሁለት ወር ሞላሁ። አፑ ሜዳሊያ ሰጠኝ። ቻይነሽ ስልኬን ይዛ ለጎረቤት ሁሉ ታሳያለች፤ «ባምላኩ እኮ ጨከነ!» ትላለች። እኔም አንገቴን ደፋ አድርጌ «ምን አደረግሁና» እላለሁ፤ እውነቴን ነበር። ከጓሮ የምገዛው ኪኒን ያለው በአሮጌ የፊውዝ ሳጥን ውስጥ ነው፤ መኪና የሌለኝ ሰውዬ በየጧቱ ፊውዝ ልፈትሽ ብዬ ጓዳ እገባለሁ።

አፑ ደግሞ ሰውን ከሰው ያጣምራል። እንደ እርሻ በሬ ለእያንዳንዱ ቅንጃ ይሰጠዋል፤ አንዱ የሌላውን ቀን ያያል። የእኔ ቅንጃ እጅጉ ነው፣ የአዊ ተወላጅ፣ ከቡሬ ወጣ ብሎ የሚያርስ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ጎልማሳ። እርሻ ሲቀዘቅዝ ቡሬ የእህል መጋዘን ኩንታል ይሸከማል። ትከሻው ሲዝል ጓደኞቹ ትራማዶል አስለመዱት፤ ሲወስደው ኩንታሉ ይቀልለዋል። የእሱ ገጽ ቀይ የበዛበት ነው። አራት ቀን አረንጓዴ፣ አንድ ቀን ቀይ፤ አምስት ቀን አረንጓዴ፣ ሁለት ቀን ቀይ። እኔ «በርታ ወንድሜ» የሚል መልእክት እልክለታለሁ። እፍረት የሚባለው ነገር በየት በኩል እንደሚገባ እስካሁን አላውቅም፤ በእኔ በኩል ግን አልገባም ነበር።

በስልሳኛው ቀን፣ ቅዳሜ ገበያ ውሎ እጅጉ ቤታችን መጣ። መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«አያ ባምላኩ፣ ልሰናበትዎ ነው የመጣሁ» አለኝ።

«ምነውሳ? ወዴት ልትሄድ?»

«የትም አልሄድ። ክትትሉን ተውሁት። ለሲስተር እርስዎ ይንገሩልኝ፣ እኔ ፊቷን ማየት አፈርሁ። አፑንም ከስልኬ አጠፋሁት። እርስዎ ይኸው ስልሳ ቀን፤ እኔ አምስት ስሞላ እወድቃለሁ። እናቴ ማታ ማታ ‹እስኪ የዚያን ሰውዬ አሳየኝ› ትለኛለች። አረንጓዴዎን ታይና ዝም ትላለች። ሰው የሚችለውን እኔ ካልቻልሁ የእኔስ ነገር አብቅቷል ማለት ነው።»

መናገር የነበረብኝ ያን ጊዜ ነው። ሁለት ፍሬ ሆዴ ውስጥ አለ። አልነገርሁትም። ጭራሽ መከርሁት! «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አልሁት። አንገቱን ነቅንቆ ሰማኝ፤ እጄን ሊስም ጎንበስ ሲል ሸሸሁ። ሲሄድ ከኋላው አየሁት። ትከሻው አንዱ ከአንዱ ዝቅ ብሏል። ይህ ልጅ በእኔ ውሸት ሊሞት ነው አልሁ ለራሴ።

እሑድ ጧት ስልኩ ጠየቀኝ፤ እጄ እንደ ልማዱ ቀድሞኝ «ደኅና»ን ተጫነ። ስልሳ አንድ። ወዲያው ሲስተር ደወለች፤ በሚቀጥለው ሳምንት ቡሬ ላይ ለሕሙማን ምስክርነት እንድሰጥ ትፈልጋለች። «እርስዎን ያዩ ይበረታሉ» አለችኝ። ያየኝን አንዱንማ አየሁት። ስልኩን ዘጋሁና የፊውዝ ሳጥኑን አምጥቼ ቻይነሽ ጭን ላይ አስቀመጥሁት።

አልከፈተችውም። «ከጥምቀት ጀምሮ አውቃለሁ» አለች። «መኪና የሌለው ሰው የምን ፊውዝ ነው የሚፈትሸው?»

«ታዲያ ለጎረቤት የምታሳዪው?»

«ያፍር ይሆናል ብዬ ነዋ። አንተ ግን ምርቃት መሰለህ።»

ያን ጊዜ ተቆጣሁ፤ የሚገርመው ተቆጪው እኔ ነበርሁ። ኋላ ሳቅሁ፤ ከዚያ አለቀስሁ። እሷም አለቀሰች። ሳጥኑን ለሲስተር እንድትወስድልኝ፣ ሁሉንም እንድትነግርልኝ ለመንኋት። «ሳጥኑን እወስዳለሁ፤ ወሬውን ግን አፍህ ያድርስ» አለችኝ። ደወልሁ። ሲስተር «ነገ ይምጡ፣ መጠኑን ከሐኪሙ ጋር እንደገና እናየዋለን፤ ባንዴ ግን እንዳያቋርጡ» ብቻ አለች። ምስክርነቱን አላነሳችውም።

ሰኞ ጧት፣ ከሲስተር በፊት፣ ቡሬ ሄድሁ። የተሳፈርሁት ያችው የእኔ የነበረችው ሚኒባስ ናት፤ ከኋላ ወንበር፣ ከበርበሬ ጆንያ ጋር። አዲሱ ሹፌር ማርሽ ሲያንገጫግጭ ባንቀላፋም ከእሱ እሻል ነበር ብዬ አሰብሁ። ሰው አመሉን መቼ ይተዋል።

እጅጉን መጋዘኑ በር ላይ፣ የበቆሎ ጆንያ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ሲያየኝ ብድግ አለ። እኔ ግን ቆሜ መናገር ስላልቻልሁ አጠገቡ ተቀመጥሁና ስልኬን አወጣሁ። የዕለቱ ጥያቄ ገና አልተመለሰም፤ «እንዴት አደሩ?» ይላል። ትናንት ከሳጥኑ በፊት ሁለት ፍሬ ውጬ ነበር። እጅጉ እያየ ቀዩን ተጫንሁ። ስልሳ አንዱ ቁጥር ጠፍቶ ዜሮ መጣ። አበባ የለም።

እጅጉ አንድ ጊዜ ስልኩን፣ አንድ ጊዜ እኔን አየ።

«ስልሳ አንዱስ?»

«ሰላምታ ነበር» አልሁት። «አንድም ቀን እውነት አልነበረም። አንተ አምስት ቀን ትሞላለህ፤ እኔ አንድም ሞልቼ አላውቅ። እናትህ ስታየው የነበረው ውሸት ነው፤ ንገራት። አንተ አልሸነፍህም።»

ይሰድበኛል ብዬ ነበር፤ ቢመታኝም አልቃወምም። በአገውኛ አንድ ነገር አለ። አልተረጎመልኝም፤ እኔም ይተርጎምልኝ አላልሁ። ከዚያ ፊቱን በሁለት እጁ አበሰ።

«ዛሬ ሁለተኛ ቀኔ ነው» አለ በመጨረሻ። «አፑን አጠፋሁ እንጂ መቁጠሩን መተው አቃተኝ።»

«ሁለት?»

«ሁለት።»

«እንግዲያ ታላቄ አንተ ነህ» አልሁት። ከጆንያው ተነሣሁ፤ ለታላቅ እንደሚደረገው ባርኔጣዬን አውልቄ ጎንበስ አልሁ፤ የተረገመው ወገቤ ጮኸ። «አያ እጅጉ፣ እንዴት አደሩ?»

አፉ «ደ» ሊል ሲከፈት አየሁት። ከዚያ ዘጋው።

«አልተኛሁም» አለ። «አጥንቴን ይቆረጥመኛል። ከእነ ጫማዬ እንቀጠቀጥ ነበር። ፈርቻለሁ።»

«እኔም» አልሁት።