ከአርባ ሦስት እስከ አርባ ዘጠኝ

በዚያ ዓመት ከመስከረም እስከ ሚያዝያ ዝናብ አልጣለም። በኅዳር ወንዙ መፍሰሱን አቆመ። በታኅሣሥ ተቆራርጦ ኩሬ ኩሬ ሆነ። በጥር ኩሬዎቹ ጭቃ ሆኑ። በጎቹ ውሃ ሸቷቸው ጭቃው ውስጥ ገቡ፤ መውጣት አቃታቸውና እዚያው በቁማቸው ሞቱ። ቁራ ዓይናቸውን ያወጣው ነፍሳቸው ሳትወጣ ነው። በየካቲት በደቡብ በኩል ያለው ጫካ ነድዶ ጭሱ ሦስት ቀን ፀሐይን ሸፈነ። ሰዉ ጥይት መቆጠብ ጀመረ። የደከመውን በግ በመዶሻ ይገድል ነበር።

ዓመቱ 1967 ነው። ክሌም ዳድሰን ያን ጊዜ ሃያ አራት ዓመቱ ነበር። አባቱ አራት መቶ በግ፣ ደረቅ መሬትና የቤተ ክርስቲያኑን ቁልፍ አውርሶት ሞቷል። ዳድሰኖች ከጥንት ጀምሮ የቤተ ክርስቲያኑን ሣር ያጭዳሉ፣ መቃብር ይቆፍራሉ፣ የቀብር መዝገቡን በሣጥን ቆልፈው ይጠብቃሉ። ደመወዝ የለውም።

በአካባቢው ያልደረቀ ውሃ አንድ ብቻ ነበር፤ የሆራስ ታርኬል ኩሬ። ታርኬል ባለ ብዙ መሬት፣ የአውራጃው ዳኛ፣ በቤተ ክርስቲያንም የፊት ወንበር ያለው ሰው ነው። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ መኪናውን ከክሌም አጥር ዳር አቆመ። አልወረደም።

«ስንት ቀሩህ?»

«ሦስት መቶ አሥር፣ ሚስተር ታርኬል። ጠዋት ስቆጥር ነው።»

«እስከ ማታ ሦስት መቶ ይሆናሉ። አባትህ ቢኖር ይህን ጊዜ መጥቶ ለምኖኝ ነበር። አንተ ኩራተኛ ነህ።»

«ቢለምንዎት ይሰጡት ነበር?»

«አልሰጠውም» አለና ታርኬል ሳቀ። ሳቁን ሲጨርስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሰኞ ከዋና ከተማው ከሆባርት አንድ ሰውዬ ይመጣል። የአውራጃውን ታሪክ እጽፋለሁ የሚል ነው። የቀብር መዝገቡን ያገላብጣል። ልጄ ደግሞ በግንቦት ታገባለች። አማቾቼን ታውቃቸዋለህ።»

«አውቃቸዋለሁ።»

«መዝገቡ ውስጥ የቅድመ አያቴ ስም አለ። ከስሙ ጎን የመጣበት መርከብ ተጽፏል። ከመርከቡ ጎን ደግሞ ሌላ ቃል አለ።»

ቃሉ ግዞተኛ የሚል ነው፤ በወንጀል ተፈርዶበት ከባሕር ማዶ በመርከብ የተጋዘ ማለት ነው። ክሌም አልጠየቀም። በዚያ አገር ከሁለት ቤት የአንዱ ዘር በሰንሰለት የመጣ ነው፤ ሁሉም ግን የኔ አያት በገዛ ፈቃዱ መሬት ፍለጋ የመጣ ሰፋሪ ነው ይላል። በየቤቱ ያለው መጽሐፍ ቅዱስ የትውልድ ሐረግ የሚጻፍበት የመጀመሪያ ገጹ ተቀድዷል። ጎረቤት የጎረቤቱን ያውቃል። ማንም አይናገርም።

«አንድ ገጽ ነው» አለ ታርኬል። «አንድ ወረቀት። በጎችህ እስኪዘንብ ከኩሬዬ ይጠጡ።»

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። ክሌምን ሳያሳስቀው ወሰደው።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ገጹን በምላጭ ቆረጠና ወደ ቤቱ ይዞት ሄደ። ምድጃው ፊት ቆሞ አነበበው። ሰባት ስም፣ ሰባት መርከብ፣ ሰባት ቁጥር። ግዞተኞች ሲቀበሩ የድንጋይ ሐውልት አልቆመላቸውም። በራስጌያቸው ቁጥር የተቀረጸበት አጭር የብረት ካስማ ተተከለ፤ ቁጥሩ የማን እንደሆነ የሚያውቀው መዝገቡ ብቻ ነው። በገጹ ላይ ያሉት ከሠላሳ ስድስት እስከ አርባ ሁለት ነበሩ። ሠላሳ ዘጠኝ ታርኬል ነው። ክሌም ወረቀቱን እሳቱ ውስጥ ጣለ።

ወረቀቱ ሲነድ ተጠቀለለ። ያን ጊዜ በጀርባውም ጽሑፍ እንዳለ አየ። ሌላ ሰባት መስመር። ገልብጦ አላየውም ነበር። እጁን ሰደደ። ሁለት ጣቱ ተጠበሰ እንጂ ወረቀቱ አልተረፈም።

የታርኬል ኩሬ የሁለቱን በጎች አሥራ አንድ ቀን አጠጣ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጭቃ ሆነ። የታርኬልም የክሌምም በጎች አንድ ላይ ሞቱ። ዝናብ የመጣው በግንቦት፣ በሠርጉ ማግስት ነው።

ከዚያ በኋላ ሃምሳ ሁለት ዓመት አለፈ። ታርኬል ሞተ፤ መቃብሩን ክሌም ቆፈረ። የሰዉም ነገር ተገለበጠ። በሰንሰለት የመጣ አያት ያለው ሰው ደረቱን መንፋት ጀመረ። የታርኬል የልጅ ልጅ በበሩ ላይ ትልቅ ሰሌዳ አቁሞ የዘሩን ስም፣ መርከቡንና የሰረቀውን ፈረስ መልክ ሳይቀር አስጻፈ። አንድ ቀን ክሌምን አስቁሞ «ያን ገጽ የቀደደው ርኩስ ማን ይሆን? ባገኘው አጥሬ ላይ ነበር የምሰቅለው» አለው።

«አይታወቅም» አለ ክሌም።

ሜቭ ክዊልቲ የመጣችው ከዘጠኝ ዓመት በፊት ነው፤ ለፋሲካ፣ ባሕር ተሻግራ፣ ከሜልበርን። ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት፤ አጭር፣ ጠማማ ጣቶች ያሏት፣ ምላሷ የማያርፍ። እናቷ ሞታ አስከሬኗ ተቃጥሏል። አመዱ በሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ውስጥ ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጧል። እናቲቱ ስትሞት የተናዘዘችው አንድ ነገር ነው፤ ከቅድመ አያቷ ከኦኖራ ሺሃን አጠገብ አኑሩኝ፣ ብቻዋን ነው የሞተችው።

ሜቭ መዝገቡን ገልጣ የተቆረጠውን ጠርዝ በጥፍሯ ነካች። «ከሠላሳ አምስት ዘልሎ አምሳ ይላል። አሥራ አራት ሰው። ምን ዓይነት አውሬ ነው እንዲህ የሚያደርግ?»

ክሌም ቁልፉን በእጁ ይዞ ቆሟል። «እንፈልጋት» አለ።

ፈለጓት። በየዓመቱ ፋሲካ ሲደርስ ሜቭ የፍራፍሬ ኬክ ይዛ ትመጣለች፤ ኬኩ ጥርስ ይሰብራል። ሁለቱ ወደ ሆባርት ቤተ መዛግብት ይወርዳሉ። ክሌም ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው ትምህርት ያቆመው፤ ግን የጥንቱን ጸሐፊዎች እጅ ጽሑፍ ማንበብ ተማረ። እሷ ሳትኖርም በየረቡዑ ብቻውን መሄድ ጀመረ።

ኦኖራን በጥቂቱ አገኟት። ከኮርክ፣ የቤት አገልጋይ፣ ዕድሜ ሃያ ሁለት። ቁመቷ ከአምስት ጫማ አንድ ጣት ጎደል። ፊቷ ጠቃጠቆ ያለበት፣ የላይ ጥርሷ አንድ የጎደለ፣ በግራ ክንዷ ላይ በመርፌ የተነቀሱ ሁለት ፊደላት። የማን እንደሆኑ አይታወቅም። ሁለት ሙዳ አይብና አንድ ሻል ሰርቃ ሰባት ዓመት ግዞት ተፈረደባት። ከዚያ የባሕርይ መዝገቧ፦ ለእመቤቷ መልስ ሰጠች፣ ሰባት ቀን በዳቦና በውሃ። ከሥራ ጠፋች፣ አሥር ቀን ጨለማ ክፍል። ወንድ ልጅ ወለደች፤ አባቱ አልተጠቀሰም። ልጁ ወደ ሙት ልጆች ማሳደጊያ ተላከ። ልጇን ለማየት ያለ ፈቃድ ሄደች፣ ሁለት ወር ከባድ ሥራ። በመጨረሻ፣ ሰኔ 1849፣ ሞተች።

«ስንት ጥርስ እንደጎደላት ይጽፋሉ» አለች ሜቭ ያን ቀን። «የት እንደጣሏት አይጽፉም።»

ያንንስ ጽፈውት ነበር። ክሌም ያውቃል።

ክሌም አንድ ተስፋ ነበረው። ሌላ ቦታ፣ በሐኪም ደብተር፣ በቄስ ማስታወሻ፣ የሬሳ ሣጥን በሠራ አናጢ ወረቀት ላይ ቁጥሩ ከተገኘ፣ ያደረገውን ሳይናገር ዕዳው ይወርድለታል። የሐኪሙ ደብተር ቁጥር አልነበረውም። ቄሱ ስለ አየር ጠባይ ብቻ ነው የጻፈው። የአናጢውን ወረቀት አይጥ በልቶታል። ባለፈው ክረምት የመጨረሻውን ሣጥን ከፍቶ ዘጋው።

በአሥረኛው ፋሲካ ሜቭ ባዶ እጇን መጣች። ከብብቷ ሥር ግን ቆርቆሮው ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ ጓዳ ውስጥ ወንበር ላይ ዘፍ ብላ እስትንፋሷ እስኪመለስ ቆየች።

«ዘንድሮ ኬክ የለም። መጋገሪያ ፊት መቆም አቃተኝ። ሳንባዬ ነው። ሐኪሙ እስከ ገና አትደርሺም አለኝ። ኬኬን ቀምሶ ያውቃል መሰለኝ፣ ደስ እያለው ነው የነገረኝ።»

ክሌም አልሳቀም። «ሜቭ፣ ተቀመጪ።»

«ተቀምጫለሁ እኮ። ዓይንህም ሄደ?»

«ገጹን የቀደድኩት እኔ ነኝ።»

ቀልድ መስሏት ልትመልስ አፏን ከፈተች። ክሌም ቀኝ እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ሁለቱ ጣቶች ጫፋቸው እንደ ሰም የለሰለሰ ነው።

«በበግ ሸለታ ማሽን ነው ያልከኝ» አለች።

«ምድጃ ነው።»

ሜቭ ጣቶቹን አየች። «ለምን?»

«ለውሃ። በጎቼ እየሞቱ ነበር።»

«ዳኑ?»

«አሥራ አንድ ቀን።»

«ዘጠኝ ዓመት» አለች ሜቭ፤ ድምፅዋ አልጨመረም። «ዘጠኝ ዓመት ሣጥን ተሸከምክልኝ። መነጽሬ ሲጠፋ አብረኸኝ ፈለግህ። አውሬ ብዬ ስሰድብ ሻይ ትቀዳልኝ ነበር። አንተ ሌባ እንኳ አይደለህም፣ ክሌም። ሌባ የሰረቀውን ያስቀምጣል።»

«አዎ።»

«አዎ አትበለኝ!»

ክሌም ሰባቱን ስም ከነቁጥራቸው፣ ከነመርከባቸው በቃሉ አወረደ። ሃምሳ ሁለት ዓመት በየቀኑ ለራሱ ሲላቸው ኖሯል። ኦኖራ አልነበረችባቸውም።

«የፊቱ ገጽ ይህ ነው። የመጨረሻው ሰው የተቀበረው በ1849 መጋቢት ነው። እሷ የሞተችው በሰኔ። ጀርባው ላይ ናት፤ ያላነበብኩት። ከአርባ ሦስት እስከ አርባ ዘጠኝ። ከሰባቱ አንዷ ናት። የትኛዋ እንደሆነች የሚያውቅ የለም፤ ከእንግዲህም አይኖርም።»

«እኔ ከአሥራ አራት ስፈልግ፣ አንተ ሰባት እንደሆኑ ታውቅ ነበር።»

«የሞተችበትን ቀን ካገኘን ጀምሮ።»

«ስምንት ዓመት።»

«ስምንት ዓመት።»

ሜቭ መዝገቡን ወደ እሱ ገፋችው። ከቦርሳዋ ባዶ ወረቀትና ብዕር አወጣች። «ጻፍ። እንደነሱ አድርገህ። ስም።»

ጻፈ።

«ቁመት።»

«አምስት ጫማ ከዘጠኝ ጣት። ድሮ አሥር ነበርኩ።»

«አሁን ያለኸውን። ምልክት።»

በቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች ላይ የእሳት ጠባሳ፣ ብሎ ጻፈ።

«ጥፋት።»

ክሌም ስለ ድርቁ፣ ስለ ታርኬል፣ ስለ ሠርጉ መጻፍ ጀመረ። ሜቭ አጎንብሳ አየችና በጣቷ ጠረጴዛውን መታች። «ጥፋት ነው ያልኩህ፤ ተረት ንገረኝ አላልኩም። አንድ መስመር ነው የሰጧት። አንተም አንድ መስመር።»

ሰረዘው። የአሥራ አራት ሙታንን ገጽ አቃጠለ፣ ሰባቱን ያለ ስም አስቀረ፣ ብሎ ጻፈ። ከሥሩ የሚያስታውሳቸውን ሰባት ስሞች አሰፈረ።

«ቅጣት የሚለውስ?» አለ።

«ባዶ ተወው። እኔ ዳኛ አይደለሁም።» ወረቀቱን ወስዳ የተቆረጠው ጠርዝ ላይ በሙጫ አጣማ ለጠፈችው። «አሁን ዶማህን አምጣ።»

የመቃብሩ ቦታ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተጀርባ፣ ተዳፋቱ ላይ ነው። ዘንድሮም ከጥር ወዲህ አልዘነበም፤ መሬቱ ሸክላ ሆኗል። ክሌም ሰባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ አንድ ጉልበቱ አይታጠፍም። አርባ ሦስት ላይ ጀመረ። ዶማው ሲያርፍ እየነጠረ ተመለሰ። አንድ ክንድ ለመውረድ ግማሽ ሰዓት ፈጀበት። ሜቭ ሐውልት ላይ ተቀምጣ አየችው። ዕረፍ አላለችውም፤ እሱም አላረፈም።

ጉድጓዱ ሲያልቅ ከጓዳው ባመጣችው ትልቅ ማንኪያ አመዱን ለካች። አራት ማንኪያ። «ይቅርታ እማዬ» አለች። «እዚህ እሷ ካልሆነች፣ ማንም ይሁን ማን፣ ደህና ዋልክ በይው።»

በአርባ አራትም እንዲሁ አለች። በአርባ አምስት ድምፅዋ ጠፋ፤ ከዚያ በኋላ ማንኪያውን ብቻ ገለበጠች። አርባ ስድስት ላይ የክሌም መዳፍ ተላጠ፤ የዶማው እጀታ ረጠበ። ዶማውን በሸሚዙ ጠርጎ ቀጠለ። አርባ ሰባት ድንጋይ ነበረው። ፀሐይ ወደ ኮረብታው ስታዘነብል አርባ ዘጠኝ ደረሱ። ከአራቱ ማንኪያ በኋላ ቆርቆሮው ውስጥ ጥቂት ተረፈ። ሜቭ ለየትኛው እንደምትሰጠው ሰባቱን ካስማ ዞራ አየች። ተመልሳ ለመሄድ ግን አቅም አልነበራትም፤ እዚያው ገለበጠችው።

ክሌም ጉድጓዱን ሞልቶ በእግሩ ደለደለ። ዶማውን ተደግፎ ቆመ።

«ይቅር ትይኛለሽ?» አለ።

ሜቭ ባዶውን ቆርቆሮ ከድና ከብብቷ ሥር ከተተችው። «ከእናቴ ሰባት እጅ አንዱ ከኦኖራ ጋር ነው። ስድስቱም ከሰው ጋር። ከዚህ የተሻለ አታመጣም፤ እኔም አልጠብቅም። ይቅርታ ሌላ ነገር ነው፣ ክሌም፤ እኔ ዘንድ የለም። ዕዳህን ግን ከፍለሃል።»

ወደ መኪናዋ ቁልቁል መሄድ ጀመረች። ጥቂት ከሄደች በኋላ ሳትዞር ቆመች።

«ሂድ፣ እጅህን ታጠብ» አለችው።