ለካዲጋ ያልተነገራት

የካንሰር ሕክምናቸውን ጨርሰው ለክትትል የሚመለሱትን ሴቶች መዝገብ የምይዝ ነርስ ነኝ። ትናንት ማታ ቤቴ ገብቼ ራት ቢቀርብልኝም መብላት አቃተኝ። የዓመቱን መዝገብ ስመረምር ውዬ ነበር፤ አማርኛ ከሚናገሩት አርባ ሴቶች ሠላሳ ስድስቱ በቀጠሯቸው ተመልሰዋል፤ በክፍላችን ቋንቋቸውን የሚያውቅ ሰው ከሌላቸው ከአሥራ ሁለቱ ግን ሦስት ብቻ። በቀሩት በዘጠኙ ስም ትይዩ በገዛ እጄ «ቸልተኛ» ብዬ ጽፌአለሁ። አንዷ ከአፋር የመጣችው ካዲጋ ያዮ ናት። በተሰናበተችበት ቀን ምክሩን የነገርኋት በወንድሟ በሁመድ አስተርጓሚነት ነበር፤ እኔ አሥር ደቂቃ ስናገር እሱ ሁለት ቃል ብቻ ተናገረ። ማነሱን አስተውያለሁ፤ አልጠየቅሁም። ይህን ሳወጣና ሳወርድ እንቅልፍ ወሰደኝ።

በሕልሜም አንዲት ቀጠን ያለች አሮጊት እጄን ይዛ ከበረሃ ዳር ወደ ቆመ ሰፊ ነጭ ቤት አስገባችኝ። በየክፍሉ ከሐኪሙ ጎን የታካሚዋን ቋንቋ የምትናገር፣ ለዚሁ ሥራ የተቀጠረች ሴት ተቀምጣለች፤ ታካሚዎቹም ያለ ሐፍረት ይጠይቃሉ፣ ይከራከራሉ፣ ይስቃሉ። ወንዶቹ ውጭ ጥላ ሥር ይጠብቃሉ።

«ይህ የማን አገር ነው?» አልኋት።

«የእናንተው።»

«መቼ?»

«እሱን አልነገሩኝም።»

ከወንዶቹ መካከል ሁመድን አየሁትና ቀረብሁ።

«ሁመድ፣ ያን ቀን ምን ብለህ ነገርካት?»

«ድነሻል አልኳት።»

«ጡትሽን በየወሩ ዳብሺ፣ እብጠት ካገኘሽ ሳትውይ ሳታድሪ ነይ ያልሁትንስ?»

«ሲስተር፣ አንቺ ወንድም የለሽም? እንዲህ ያለውን ነገር ከወንድምሽ አፍ ትሰሚዋለሽ?»

ወደ አሮጊቷ ዞሬ፣ «ካዲጋስ የትኛው ክፍል ናት?» አልኋት።

«ይህ ቤት ገና አልተሠራም» አለችኝ፤ «እሷ ግን ታማለች።»

ነቃሁ። እንደ ነጋ ለሁመድ ደወልሁ። ስለ እህቱ ስጠይቀው፣ «የሴት ነገር ነው፤ ሚስቴ ትንገርሽ» ብሎ ስልኩን ሰጣት። ሴቲቱ በአፋርኛ ረጅም ጊዜ ተናገረች፤ በመካከሉ አለቀሰች። ካዲጋ ትኑር ትሙት ከንግግሯ መለየት አልቻልሁም። እስክትጨርስ ግን አዳመጥኋት።

ዛሬ በጠዋቱ ስብሰባ ያየሁትን ቤት ለሐኪሞቹ እነግራቸዋለሁ፤ ከዚያ አስቀድሜ ግን አንድ ቃል ሳይገባኝ የሰማሁትን ልቅሶ።